አሠራሩ የት አለ?

መምህርት የብርጓል፣ ሽበት ጣል ጣል እስኪያደርግባት ድረስ፣ ደምበጫ ላይ ሒሳብ አስተምራለች። ጠመኔ ስትይዝ የሚደርስባት የለም፤ እስክሪብቶ ስትይዝ ግን እጇ ይታሰራል። «ሪፖርት ጻፊ» ከተባለች ራሷን ያማታል። የልጆቿን የክርስትና ጥሪ እንኳ የጻፈው ባሏ ነው።

ባሏ ዘመነ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ደምበጫና አካባቢዋ ሠርግ ተደግሶ የዘመነ ግጥም ካልተነበበ ድግሱ ጨው እንደጎደለው ወጥ ይቆጠራል። የወላጆች በዓል ንግግር፣ የጡረተኛ መሸኛ፣ ለወረዳ የሚገባ አቤቱታ፣ ሁሉም የሚወጣው ከእሱ ብዕር ነው። ሰውም «ዘመነ ከጻፈው ድንጋይ ያለቅሳል» ይላል። እሱም ይህን ሲሰማ አይጠላም።

ባልና ሚስቱ ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በኦንላይን በከፈተው ትምህርት አብረው ተመዘገቡ። የሚጻፈው ሁሉ በአማርኛ ነው። ያላቸው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ቤታቸው ኔትወርክ ስለማይዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይመጡና ከባንዲራው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ እዚያ ቦታ ምን እንዳለ እንጃ፣ ኔትወርኩ ይጎርፋል። ጽሑፋቸውን ይልካሉ፤ ከሳምንት በኋላ ዶክተር ትሕትና የምትባል፣ ዓይኗን አይተውት የማያውቁት መምህርት ከነእርማቱ ትመልስላቸዋለች።

የመጀመሪያው አሳይመንት «ተማሪዎች ከክፍል ለምን ይቀራሉ?» የሚል ነበር። ውጤቱ የመጣ ዕለት ዘመነ ከሃያ አሥራ ስምንት አገኘ። የብርጓል ዘጠኝ አገኘች።

«አይዞሽ፣ የመጀመሪያ ነው» አላት ዘመነ፣ ላፕቶፑን ወደ እሷ እየገፋ።

ፋይሉን ስትከፍተው ክው አለች። የጻፈችው ጥቁር ፊደል ከቀዩ መሐል ተፈልጎ ነው የሚገኘው። በዳር በኩል አስተያየት በአስተያየት ላይ ተደርድሯል። «እንዴት አወቁ?» ይላል አንዱ። «ከዚህ እዚያ በምን ደረሱ?» ይላል ሌላው። «ማን ነው ያለው?» ይላል ደግሞ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«እህ፣ ይህን ሁሉ ታነቢያለሽ እንዴ?» አለ ዘመነ። «እኔ ቁጥሩን አይቼ እዘጋዋለሁ። አሥራ ስምንት ከሆነ ተወድጃለሁ፤ ዝቅ ካለም አልተወደድኩም። ሌላው ምን ያደርግልኛል?»

«ታዲያ አርማችሁ መልሱ ተብለን የለ?»

«እሱማ ቀላል ነው።» ጣቱን ዘርግቶ አሳያት። ፋይሉ ላይ እርማቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚቀበል ቁልፍ አለ። ነካው። ቀዩ ሁሉ ድርግም ብሎ ጠፋና ጽሑፏ እንደታጠበ ነጠላ ጸዳ።

የብርጓል እፎይ አለች። ያን የጸዳ ጽሑፍ መልሳ ላከችው። ሁለተኛውንም አሳይመንት እንደ መጀመሪያው ጽፋ ላከች። ያገኘችው ግን ከሃያ አሥር ነው። ከሥሩ ዶክተር ትሕትና እንዲህ ስትል ጽፋላታለች፦ «መምህርት የብርጓል፣ ባለፈው ያረምኩልዎትን በሙሉ ተቀብለዋል። አሁን ግን እነዚያኑ ስሕተቶች በአዲስ ጽሑፍ አገኘኋቸው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ከአስተያየቶቼ የማይስማሙበት አንድም የለም?»

ይህ ጥያቄ የብርጓልን ግራ አጋባት። አስተማሪ ያረመውን «አልስማማም» የሚል ተማሪ የት አገር ነው ያለው? ስድብም መሰላት። ትምህርቱን ልተወው ይሆን ብላ አሰበች። ለዘመነ ግን አልነገረችውም፤ «አይዞሽ» ማለቱ ሰልችቷታል።

በማግስቱ ስድስተኛ ክፍል ገብታ የቤት ሥራ ስታርም፣ እስከዳር የምትባለው ተማሪ ደብተሯን አቀረበች። ልጅቱ ትጉህ ናት፤ ክፍልፋይ ማካፈል ግን እንቢ ብሏታል። ትናንት ኤክስ የተደረገባትን መልስ በላጲስ አጥፍታ ትክክለኛውን ከጎረቤቷ ገልብጣለች። ከሥሩ ደግሞ የዛሬውን ጥያቄ እንደ ትናንቱ አድርጋ ተሳስታለች።

«እስከዳር፣ ትናንት ምን ብዬ አረምኩልሽ?»

«ኤክስ አደረጉልኝ።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«አጠፋሁት።»

«ታዲያ መልሱ ይኸው አለ። አሠራሩ የት አለ? ከጥያቄው ተነስተሽ እዚህ በምን ደረስሽ?»

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ የብርጓል ደንግጣ ቆመች። «በምን ደረሱ?» ይህን ነገር የት ነው ያነበበችው? ልጅቱ ልትቆጣኝ ነው ብላ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። የብርጓል ግን አልተቆጣችም። ደብተሩን መለሰችላትና «ሂጂ፣ ተቀመጪ፤ አብረን እንሠራዋለን» አለቻት። ድምጿ እንደመሳቅ ይል ነበር።

ተማሪው ሲለቀቅ ወደ ቤት አልሄደችም። ላፕቶፑን ይዛ ባዶው ክፍል ገባች፤ ሁለቱንም የታረሙ ጽሑፎቿን ከፈተች። ጠመኔ አነሳችና አስተያየቶቹን አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ ገለበጠቻቸው። ሰሌዳው ጢም አለ። ከዚያ ልጆቹን ሁልጊዜ እንደምታስተምራቸው ተመሳሳዮቹን መሰብሰብ ጀመረች። ይህ ከዚያ ጋር፣ ያ ከዚህ ጋር። የሚመሳሰሉትን እያጠፋች ስታጣጥፋቸው ያ ሁሉ ቀይ ጫካ መንምኖ መንምኖ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ መልሱን ጽፈሻል፣ አሠራሩን አላሳየሽም።

«ልጆች በገበያ ቀን ይቀራሉ፤ ስለዚህ ወላጆች ይማሩ» ብላ ጽፋ ነበር። እንዴት አወቀች? በገበያ ቀን ወንበሩ ባዶ ሲሆን በዓይኗ ስላየች ነው። አልጻፈችውም። ከ«ይቀራሉ» ወደ «ወላጆች ይማሩ» በምን ደረሰች? አንዲት እናት «ገበያ ስወጣ ከልጄ በቀር ፈረሱን የሚጠብቅልኝ የለም» ስትላት ሰምታ ነው። እሱንም አልጻፈችውም። ለብዙ ዘመን ከልጆች በዚህ ምክንያት ነጥብ ስትቀንስ የኖረች መምህርት፣ እሷው ራሷ ተቀንሶባታል!

ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። የግቢው ዘበኛ ጌቾ በመስኮት ብቅ አለ።

«መምህርት፣ ደህና ነዎት?»

«ዛሬ ነው ደህና የሆንኩት ጌቾ!»

ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶን ትታ በጠመኔ መጻፍ ጀመረች። ሰሌዳውን አራት ቦታ ትከፍለዋለች፤ የተሰጠ፣ የሚፈለግ፣ አሠራር፣ መልስ። ያየችውን «የተሰጠ» ላይ፣ ጥያቄዋን «የሚፈለግ» ላይ ታሰፍራለች። «አሠራር» የሚለው ቦታ እስኪሞላ ድረስ «መልስ» ላይ አንዲት ፊደል አታኖርም። ጠመኔ ደግሞ ደግ ነው፤ ያላማረውን በመዳፍ ጠረግ አድርጎ መቀጠል ነው። ሲያልቅ ላፕቶፑ ላይ ትገለብጠዋለች። ለሦስተኛው አሳይመንት አሥራ አራት አገኘች።

«ምን ተፈጠረ?» ብላ ጻፈችላት ዶክተር ትሕትና። «ይህን ጽሑፍ ሳነብ እጄን ይዘው ነው የመሩኝ። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው…» ብላ ቀጠለች። የብርጓል የቀረውንም ሰሌዳው ላይ ወሰደችው።

የዘመነ ነገር ግን ቁልቁል ሄደ። ከአሥራ ስምንት ወደ አሥራ ስድስት፣ ከዚያ ወደ አሥራ ሦስት ወረደ። «ሴትዮዋ ቅኔ አይገባትም» ይላል፣ አስተያየቱን ሳያነብ ፋይሉን እየዘጋ። «ለበሬ ምን ሰምና ወርቅ ይነገረዋል!»

«አስተያየቷን አንብበኸዋል?» ትለዋለች የብርጓል።

«ቁጥሩን አነበብኩት፣ አይበቃም?»

ደምበጫ ትንሽ ከተማ ናት። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ደግሞ ከደምበጫም ትጠባለች። የብርጓል ነጥብ ከባሏ መብለጡ በተሰማ ሰሞን ወሬው ሥር ሰደደ። አንድ ቀን የብርጓል በር ላይ ደርሳ ሳትገባ፣ ከውስጥ አንዱ መምህር ሲናገር ሰማች።

«ሚስጥሩ ምን መሰላችሁ? ዘመነ ፍሬውን ለሚስቱ ይጽፍላትና ገለባውን ለራሱ ያስገባል። ፍቅር እንዲህ ነው!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። የብርጓል ባሏ ምን እንደሚል ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ዘመነ ምንም አላለም። በበሩ ክፍተት ስታየው አንገቱን ነቅንቆ ፈገግ ብሏል፤ አዎም፣ አይደለምም የማይባል ፈገግታ።

ከበሩ ተመለሰች። ቤት ሲገናኙ ነው የተናገረችው።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ቀልድ ነው እኮ የብሬ።»

«ለአንተ ቀልድ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ገና መጻፍ ለመድኩ፤ አንተ በፈገግታ ወሰድክብኝ።»

ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለወረዳ ቃል የማያጣ ሰው ለሚስቱ ቃል አጣ። የብርጓልም አልጎተጎተችውም። ሥራ ነበረባት።

የመጨረሻው ሥራ ትንሽ ጥናት ነው። ሌሎች ትልልቅ ርእስ ሲመርጡ የብርጓል የራሷን ክፍል መረጠች፦ «ተማሪ እርማትን ምን ያደርግበታል?» ከምታስተምራቸው ሁለት ክፍሎች አንዱን እንደ ድሮው ራይትና ኤክስ እያደረገች ነጥብ ሰጠች። በሌላው ክፍል ነጥብ መስጠት አቆመችና ደብተሩ ላይ ጥያቄ ብቻ ጻፈች። «ይህችን ሁለት ከየት አመጣሃት?» «እዚህ ጋ ምን አስበሽ ነው?» ልጆቹ መጀመሪያ አመፁ። «ነጥባችንስ?» ብለው ጮኹ። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ልጆቹ ደብተር እንደተመለሰላቸው ሮጠው ላጲስ መፈለጋቸውን ትተው፣ ጥያቄውን እያነበቡ እርስ በርስ መከራከር ያዙ። እስከዳር ክፍልፋይ ማካፈሉን ሰብራ ገባችበትና ጓደኞቿን ታስረዳ ጀመር። በፈተና ሲለኩ ባለጥያቄዎቹ ባለነጥቦቹን በሰፊው ጥለዋቸው ሄዱ።

የብርጓል ይህን ሁሉ ጻፈች። መሐል ላይ አንድ አንቀጽ ስለ ራሷ አስገባች፤ ዘጠኝ ያገኘችበትን ቀን፣ ቀዩን በአንድ ቁልፍ ያጠፋችበትን፣ እሷና እስከዳር አንድ መሆናቸውን ያወቀችበትን። ረቂቁን ላከች። ዶክተር ትሕትና ብዙውን አመስግና በዚያ አንቀጽ ላይ ግን እንዲህ አለች፦ «ይህ የግል ታሪክ ነው። ለጥናት አይመችም። ቢወጣ ይሻላል።»

የብርጓል ባንዲራው ሥር ቁጭ ብላ አስተያየቱን ደግማ ደጋግማ አነበበችው። ዱሮ ቢሆን ቁልፉን ነክታ ትገላገል ነበር። አሁን ግን «የማይስማሙበት የለም?» የተባለችው ትዝ አላት። እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ዶክተር፣ በዚህኛው አልስማማም። ተማሪዎቼ እርማት ለምን እንደሚያጠፉ የገባኝ እኔም ስላጠፋሁ ነው። ጥናቱ የተነሳው ከዚያ ነው። መነሻው ከወጣ አሠራሩ ይጎድላል፤ አሠራሩን አሳዪ ያሉኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ላከችውና ወዲያው ተጸጸተች። ደፈርኳት ብላ ሰጋች። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። አጭር ነበር።

«ልክ ነዎት፤ አሳምነውኛል። አንቀጹ ይቆይ። እንዲያውም ከመሐል አውጥተው መጀመሪያ ላይ ያድርጉት። ይህን መልስ ከአንድ ተማሪ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

የብርጓል እልል ልትል ምንም አልቀራት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሰኔ ላይ ከየአካባቢው የተመረጡ ጥቂት ሥራዎች ደብረ ማርቆስ ባንድ አዳራሽ እንዲቀርቡ ተወሰነ። ከደምበጫ የተጠራችው የብርጓል ብቻ ናት። ዘመነም አብሯት ሄደ። ዝናቡ የሚኒባሱን መስኮት ይደበድባል፣ ገበሬው በሬውን ጠምዶ እርሻ ላይ ነው።

አዳራሹ በመምህራን ተሞልቷል። በር ላይ አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ እግር ሴት ሮጣ መጥታ የብርጓልን አቀፈቻት።

«ትሕትና ነኝ!»

የብርጓል በሐሳቧ ጸጉሯ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገች ቁጡ ሴት ነበር የሣለችው። «አንቺ ነሽ… እርስዎ ነዎት?» ብላ ተደነጋገራት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ተራዋ ደርሶ መድረክ ላይ ወጣች። ያዘጋጁላት ማይክሮፎን ነበር፤ ከጎኑ ግን ነጭ ሰሌዳ አየች። ማርከሩን አነሳች። የተሰጠ፣ የሚፈለግ፣ አሠራር፣ መልስ ብላ ጻፈችና ከዘጠኙ ነጥብ ጀመረች። አዳራሹ አንዴ ይስቃል፣ አንዴ ጸጥ ይላል። የሁለቱን ክፍሎች ልዩነት ስታሳይ ብዙዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ሰሌዳውን ፎቶ አነሱ።

ጥያቄ ሲከፈት ዓለምነው የሚባል፣ ከሌላ ወረዳ የመጣ መምህር እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ ድንቅ ሥራ ነው። ባለቤትዎ መምህር ዘመነ ስመ ጥር ጸሐፊ መሆናቸውን እናውቃለን። ለመሆኑ በጽሑፉ ላይ የእሳቸው እጅ ምን ያህል ነው?»

ጥያቄው በማር የተለወሰ ነው፤ መርዙን ግን ሁሉም ቀመሰው። የብርጓል ፊቷ ጋለ። ግን አልተቆጣችም። ወደ ትሕትና ዞረች።

«ዶክተር፣ ረቂቆቼ ሁሉ እርስዎ ጋ አሉ አይደል? ከነእርማታቸው ስክሪኑ ላይ ያውጡልኝ።»

ትሕትና ከፈተችው። ያ በቀይ የተዋጠ የመጀመሪያ ጽሑፍ በግድግዳው ልክ ገዝፎ ታየ። የብርጓል ዓመት ሙሉ ያፈረችበትን ነገር በሰው ሁሉ ፊት በጣቷ እየነካች አሳየች። «ይህን ስጽፍ ስሕተቴን አላወቅኩም ነበር። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። እዚህ ላይ ገባኝ። እዚህ ጋ ደግሞ ከዶክተር ጋር ተከራክሬ ረታሁ።» ረቂቅ በረቂቅ ቀዩ እየሳሳ፣ ጥያቄና መልሱ እየበዛ ሄደ። «መልሱ የእኔ መሆኑን የሚነግራችሁ አሠራሩ ነው። ይኸውላችሁ።»

ይህን ስትል ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነሳ። ዘመነ ነው።

«አንዲት መስመር አልጻፍኩላትም» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጻፈላት ሲባል ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ዝምታዬ ውሸት ነበር። የእኔ ጽሑፍ አሥራ ሦስት ነው ያገኘው። የሷን ደግሞ እናንተው አያችሁ።»

መጀመሪያ ያጨበጨበው ዓለምነው ነው። ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ከመሐል አንዲት መምህርት እልልታውን አቀለጠችው። የብርጓል ማርከሩን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ፊቷ በርቶ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ወደ ደምበጫ ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሚኒባሱ ከደብረ ማርቆስ እንደወጣ ዘመነ ስልኩን አወጣ።

«የብሬ፣ እስቲ ያን የኔን አብረን እናንብበው።»

የመጀመሪያውን አሳይመንቱን፣ ያን አሥራ ስምንት ያገኘበትን፣ ከነአስተያየቱ ከፈተ። ጮክ ብሎ አነበበው፦ «የዕውቀት ፀሐይ በድንቁርና ተራራ ላይ ስትፈነጥቅ፣ የተስፋ ጅረት ከየሸለቆው ይንዠቀዠቃል።» ዶክተር ትሕትና ከጎኑ «በጣም ያምራል። ግን ምን ማለትዎ ነው?» ብላለች።

ከፊት ወንበር ጋቢ የለበሱ አንድ ገበሬ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ ፀሐይ ስትወጣ ጅረት ይደርቃል እንጂ መቼ ነው የሚንዠቀዠቀው? እሱስ በዝናብ ነው።»

መኪናው ሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ዘመነ መጀመሪያ ፊቱን ሊያጠቁር ከጀለው፤ ከዚያ እሱንም ሳቁ ያዘውና እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«እውነትም ምን ማለቴ ነው?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ምን ብዬ ላርመው?»

«እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? በልብህ የነበረው ምንድን ነው?»

ዘመነ ስልኩን ጭኑ ላይ አሳረፈ። አማኑኤል ከተማን አልፈው ሜዳውን ይዘውታል።

«አንደኛ ክፍል ሳስተምር ጊዜ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንዲት ልጅ መጀመሪያ ስሟን ማንበብ የቻለች ቀን፣ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የሱቁን፣ የጋሪውን፣ የሳሙናውን ካርቶን ሁሉ ስታነብ ዋለች። ቤቷ ገብታም ለእናቷ አነበበችላት። እሱን ለማለት ነበር።»

ጋቢ የለበሱት ገበሬ ፊታቸውን እንዳዞሩ ቀርተዋል። «እሱ ገባኝ» አሉ። «ከዚያስ?»

የብርጓል ክንዱን ያዝ አደረገችው። «ሰማህ? ከዚያስ ተብለሃል። ጻፈው።»

ዘመነ በሁለት አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። የብርጓልም ወደ ኋላ ደገፍ ብላ፣ የደምበጫ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከሩቅ ብልጭ ብልጭ ሲሉ፣ ባሏ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሲያጠፋ፣ ደግሞ ሲጽፍ፣ በኩራት ተመለከተችው።